ሕፃናትን በወገብ ቀበቶ ብቻ ስለ ማሰር

በአገራችን እናት ልጅዋን የምታዝልበት አንቀልባ ከቆዳ የተሠራ ቀላል ዕቃ መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን አሠራሩን ልብ ብሎ ለሚመለከት ሰው ትልቅ ብልሃት አለበት። የሕፃኑን መቀመጫና ጭን ከሥር ይደግፋል፤ ጀርባውንም እስከ ትከሻው ድረስ ያቅፋል፤ ጠፍሩም በእናቲቱ ትከሻና ደረት ላይ አልፎ ይታሰራል። ከዚህ የተነሣ እናት ብትሮጥም ብትደናቀፍም የልጁ ሰውነት ከእርስዋ ሰውነት ጋራ አንድ ሆኖ ይንቀሳቀሳል። ልጅን በመቀነት ወገቡን ብቻ አስሮ የሚያዝል ሰው ግን እስከ ዛሬ አላየንም፤ ቢኖርም የሰፈሩ ሴቶች ዝም ብለው አያሳልፉትም ነበር።

እንግዲህ በእናት ጀርባ ላይ የማናደርገውን ነገር በመኪና ውስጥ ስለ ምን እናደርገዋለን? ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርበው ያሰብነው ጕዳይ ይህ ነው። በብዙ መኪናዎች፥ ይልቁንም ዕድሜያቸው በገፋው፥ የኋለኛው ወንበር መካከለኛ ስፍራ እንደ ሌሎቹ በትከሻ ላይ የሚያልፍ ማንገቻ የለውም። በግራና በቀኝ ዳር ያሉት ቀበቶዎች ከትከሻ ተነሥተው፥ ደረትን አቋርጠው፥ ወገብን ይዘው የሚቈለፉ ሲሆኑ፤ የመካከለኛው ግን ከሁለት ወገን ወጥቶ በወገብ ላይ የሚገጣጠም አንድ ጠፍር ብቻ ነው። በዚያ ስፍራም ብዙውን ጊዜ የሚቀመጠው ማን እንደ ሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ከተሳፋሪዎቹ ሁሉ የሚያንሰው ልጅ ነው።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ በገዛ ቤቴ የደረሰው ነገር ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት በግንቦት ወር ለዘመድ ለቅሶ ወደ ደብረ ብርሃን ስንሄድ የወንድሜ ልጅ በአሮጌ መኪናው ይዞን ነበር። ከኋላ በቀኝ በኩል እኔ፥ በግራ በኩል ባለቤቴ፥ በመካከላችንም ስድስት ዓመት የሞላው የልጄ ልጅ ተቀምጠን ነበር። ቀበቶውን ያሰርሁት እኔ ራሴ ነኝ። ልጁ እየሣቀ «አያቴ ጠበቀኝ» ቢለኝም፥ መጥበቁ ለደኅንነቱ ይበጃል ብዬ ሳልፈታለት ቀረሁ። ሸኖን አልፈን ጥቂት እንደ ሄድን ከፊታችን ይጓዝ የነበረው የጭነት መኪና ድንገት ቆመ፤ የወንድሜ ልጅ ፍሬኑን ቢረግጥም መኪናው ሳይገጨው አልቀረም። ግጭቱ ያን ያህል የበረታ አልነበረም፤ እኔንና ባለቤቴን ማንገቻው ደረታችንን ይዞ ወደ ወንበሩ መለሰን። ልጁ ግን ከወገቡ ላይ እንደ ተከደነ መጽሐፍ ታጠፈ፤ ፊቱም ከጕልበቱ ጋራ ተጋጨ።

ከንፈሩ ደማ፤ ጥቂት አለቀሰና ዝም አለ፤ ከዚያም ዳቦ ለመነ። እኛም ተመስገን ብለን መንገዳችንን ልንቀጥል ነበር። ነገር ግን ባለቤቴ ልብሱን ስታስተካክልለት በእምብርቱ ዙሪያ ከግራ ወደ ቀኝ የተጋደመ የቀላ ሰንበር አየች። በአቅራቢያው ወደ ነበረ የጤና ጣቢያ ስንወስደው፥ ዕድሜዋ ከሃያ አምስት የማይበልጥ አንዲት ነርስ ከንፈሩን በጨረፍታ አይታ ሆዱን ብዙ ጊዜ መረመረች። ከዚያም «አባቴ፥ ከንፈሩ ይድናል፤ እኔን ያስፈራኝ ይህ ሰንበር ነው። ዛሬ ወደ ለቅሶም ወደ ቤትም አይውሰዱት፤ ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሐኪም ቤት ይሂዱ» አለችኝ። እውነቱን ለመናገር ቃልዋ ከመጠን ያለፈ መስሎኝ ነበር፤ ልጁ ቆሞ ይጫወት ነበርና። ሆኖም እንዳለችው አደረግን። ሌሊቱን ሆዱ ይነፋ፥ ያስመልሰው፥ ያተኵሰው ጀመር። ሐኪሞቹ ሲከፍቱት አንጀቱ በአንድ ስፍራ ተቀድዶ አገኙት፤ ሰፍተውም አዳኑት። ቀዶ ሕክምናውን ያደረገው ሐኪም በማግሥቱ የነገረኝን አልረሳውም፤ ቀበቶው ባይኖር ኖሮ ልጁ ከፊት ከነበረው መስታወት ጋራ ይጋጭ ነበር፤ የጐዳውም ያው ቀበቶ ነው፤ ሁለቱም እውነት ነው አለኝ።

እንዴት ሁለቱም እውነት ሊሆኑ እንደሚችሉ ለማወቅ ከዚያ ወዲህ የቻልሁትን ያህል ጠየቅሁ፥ አነበብሁም። ነገሩ እንደሚከተለው ነው።

ቀበቶ የተሠራው አጥንትን ለመያዝ ነው። በአዋቂ ሰው ወገብ ፊት ለፊት በግራና በቀኝ የዳሌ አጥንት እንደ ኩላብ ብቅ ብሎ ይገኛል፤ እጁን በወገቡ ላይ የሚያኖር ሰው ሁሉ ይዳስሰዋል። የወገብ ቀበቶ ከዚህ ኩላብ በታች፥ በጭን ሥር ላይ ሲውል፥ መኪናው ድንገት በቆመ ጊዜ የሰውነትን ክብደት የሚሸከመው ይህ ጠንካራ አጥንት ነው። በሕፃን ግን ይህ አጥንት ገና አልጐለመሰም፤ እስከ አሥር ዓመት ገደማ ድረስ ቀበቶን አስተማምኖ የሚይዝ ኩላብ አይሆንም። በዚህ ላይ የመኪና ወንበር ለአዋቂ ጭን ተለክቶ የተሠራ ስለ ሆነ ለልጅ ይረዝምበታል። ልጁ ጀርባውን ከመደገፊያው ላይ ቢያኖር ጕልበቱ ስለማይታጠፍለት እግሩ ወደ ፊት ተዘርግቶ ይቀራል፤ ያም ስለሚያደክመው ቀስ በቀስ ወደ ፊት ይንሸራተታል። በተንሸራተተም መጠን ዳሌው ወደ ኋላ ይጋደማል፤ ቀበቶውም ከጭኑ ወጥቶ ወደ ሆዱ ይወጣል። አዋቂዎች «ልጁ ቀና ብሎ አይቀመጥም» ብለን እንቈጣለን፤ ጥፋቱ ግን የወንበሩ ልክ ነው።

በሆድ ውስጥ ጠንካራ ነገር የለም። ግጭት በሆነ ጊዜ ቀበቶው ለስላሳውን የሆድ ዕቃ ከጀርባ አጥንት ጋራ ያጣብቀዋል፤ አንጀት የሚቀደደውም በዚህ ምክንያት ነው። ከዚህ ጋራ ሁለተኛ ጕዳት ይከተላል። የሕፃን ራስ ከሰውነቱ ጋራ ሲመዛዘን ከአዋቂ ራስ እጅግ ይከብዳል፤ አዲስ የተወለደ ሕፃን ራስ የቁመቱን ሩብ ያህላል፥ የአዋቂው ግን ስምንተኛ እጅ ያህል ነው። ልጁ እያደገ ሲሄድ ይህ መጠን ቢቀንስም ለብዙ ዓመታት ከአዋቂው ይበልጣል። ስለዚህ ደረቱን የሚይዝ ነገር ከሌለ ያ ከባድ ራስ ደረቱን ይዞ በቀበቶው ላይ ይታጠፋል፤ የጀርባ አጥንት መጋጠሚያም ከበስተኋላው ይከፈታል። አጥንቱም አንዳንድ ጊዜ እንደ ተፈለጠ እንጨት አግድም ይሰነጠቃል። ይህን ዓይነት ስብራት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1948 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ የገለጸው በእንግሊዝ አገር ይሠራ የነበረ ቻንስ የተባለ የራጅ ሐኪም ሲሆን፥ እስከ ዛሬም በስሙ ይጠራል። ኋላ የወገብ ቀበቶ በመኪናዎች በተስፋፋ ጊዜ ያው ስብራት በታሰሩ ተሳፋሪዎች ላይ ይታይ ጀመር። በ1962 ዓ.ም. በአሜሪካ ሁለት መርማሪዎች በሆድና በጀርባ ላይ የሚደርሰውን ይህን ጕዳት ሰብስበው በአንድ ስም፥ የመቀመጫ ቀበቶ ሕመም ብለው ጻፉ።

ከዚህ ቀጥሎ አንባቢው ሊያስደንቀው የሚገባ ነገር አለ። መድኃኒቱ የተገኘው ሕመሙ ስም ከማግኘቱ በፊት ነው። ኒልስ ቦህሊን የተባለ ስዊድናዊ መሐንዲስ፥ ቀድሞ ለአየር ኃይል አብራሪዎች ከአውሮፕላን የሚያወጣ ወንበር ይሠራ የነበረ፥ በ1959 ዓ.ም. ለቮልቮ ኩባንያ ትከሻንና ወገብን ባንድነት የሚይዘውን፥ በሦስት ነጥብ የሚታሰረውን ቀበቶ ሠራ። ኩባንያውም ሌሎች የመኪና ሠሪዎች ሁሉ በዚህ ፈጠራ እንዲጠቀሙበት ፈቀደላቸው። ነገር ግን ማንገቻው ከሾፌሩ ወንበር ተነሥቶ ወደ ኋለኛው መካከለኛ ስፍራ እስኪደርስ ድረስ ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ፈጀ።

ለመዘግየቱ ምክንያት የሚሆን አንድ የአሠራር ችግር ነበር። በዳር ለሚቀመጥ ሰው ማንገቻው የሚታሰርበት የመኪናው ምሰሶ በትከሻው አጠገብ ይገኛል፤ በመካከል ለሚቀመጠው ግን ምሰሶ ስለሌለ ማንገቻው ከጣራው ወይም ከመደገፊያው ከራሱ መውጣት አለበት። ለዚያም ጣራውን ወይም ወንበሩን ማጠንከር ያስፈልጋል፤ ማጠንከርም ገንዘብ ያስወጣል። በአሜሪካ ከ1968 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ መኪናዎች ላይ ቀበቶ እንዲኖር በሕግ ቢታዘዝም፥ ለኋለኛው ወንበር የወገብ ቀበቶ ብቻ ይበቃ ነበር። በ1986 ዓ.ም. የአገሩ ብሔራዊ የመጓጓዣ ደኅንነት ቦርድ ሃያ ስድስት የፊት ለፊት ግጭቶችን መርምሮ የወገብ ቀበቶ ብቻውን ከባድ ጕዳት ሊያደርስ እንደሚችል አስታወቀ። ለኋለኛው ወንበር ዳርና ዳር ማንገቻ ግዴታ የሆነው በ1989 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ለመካከለኛው ስፍራ ደግሞ ሕጉ የወጣው በ2002 ዓ.ም. ነው፤ በሁሉም አዲስ መኪና ላይ የተፈጸመውም በ2007 ዓ.ም. ነው። ይህ ሕግ «የአንቶን ሕግ» ተብሎ የሚጠራው በ1996 ዓ.ም. በዋሽንግተን ግዛት በመኪና አደጋ በሞተ የአራት ዓመት ሕፃን ስም ነው። ያ ሕፃን ታስሮ ነበር፤ የታሰረበት ቀበቶ ግን ለአዋቂ ሰው የተሠራ ነበር።

እንግዲህ ከ1959 እስከ 2007 ዓ.ም. አርባ ስምንት ዓመት ነው። ከወንበሮቹ ሁሉ መጨረሻ የታሰበለት ሕፃኑ የሚቀመጥበት መሆኑ፥ ለእኔ እንደሚመስለኝ፥ በአጋጣሚ ብቻ የሆነ አይደለም። ሕፃን አቤቱታ አያቀርብም፤ መኪናም አይገዛም።

የሌላ አገር ሕግ እኛን ምን አገባን የሚል ቢኖር፥ መኪናው ከሌላ አገር የመጣ መሆኑን ያስብ። ያ ሕግ የተፈጸመው ከዚያ ወዲያ በተሠሩ መኪናዎች ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠሩት ግን እንደ ነበሩ ቀርተዋል። በአገራችን መንገዶች የሃያና የሠላሳ ዓመት መኪና ማየት ብርቅ አይደለም። በእኛ አቈጣጠር በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ ተሽከርካሪዎች ላይ ከፍ ያለ ታክስ ቢጥልም፥ አስቀድሞ የገባው መኪና ገና ይሠራል፤ ከእጅ ወደ እጅም ይሸጣል። ወደ ገጠር ለሥራ ከሚሄዱት የመሥሪያ ቤት መኪናዎች መካከል ደግሞ ከኋላ ጐን ለጐን የተዘረጋ አግዳሚ ወንበር ያላቸው አሉ፤ በእነዚህ ላይ ቀበቶ ከተገኘ የሚገኘው የወገብ ነው። መኪናው ለሥራ የተሰጠ ቢሆንም በመንገድ ላይ የሠራተኛ ልጆች እንደሚሳፈሩበት የማያውቅ የመሥሪያ ቤት አለቃ የለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ላሳስብ። ይህን ያነበበ ሰው «እንዲህ ከሆነ ሳይታሰር ይሻለዋል» ብሎ ልጁን ቢፈታ፥ ከጥንቱ ስሕተት የከፋ ስሕተት ያደርጋል። በሰዓት ሃምሳ ኪሎ ሜትር የሚሮጥ መኪና ከግድግዳ ጋራ ቢጋጭ፥ በውስጡ ያለው ሰው ከአሥር ሜትር ከፍታ እንደ ወደቀ ያህል ነው፤ ይኸውም ከሦስት ፎቅ ቤት ሰገነት ማለት ነው። ሰውነቱ በስድሳ ሳንቲ ሜትር ውስጥ ቢቆም እንኳ፥ ሃያ ኪሎ የሚመዝን ልጅ በዚያች ቅጽበት ከሦስት ኩንታል በላይ ይከብዳል። አሥር ኪሎ የሆነውን ሕፃን በጭኑ ላይ ያስቀመጠ ሰው አንድ ኩንታል ተኩል ያህል በክንዱ ሊይዝ ይገባዋል፤ ይህን የሚችል ክንድ የለም። የወገብ ቀበቶ ከምንም ይሻላል፤ ከእናት ክንድም ይሻላል። የምንለው፥ የሚበልጥ ነገር በአጠገቡ ሳለ ልጁን በእርሱ አንተወው ነው።

የሚበልጠው ነገር ደግሞ በብዙ መኪናዎች ውስጥ አንድ ክንድ ያህል ብቻ ርቆ ይገኛል። እርሱም የዳር ወንበር ነው። አዋቂው ወደ መካከል ገብቶ ልጁ በዳር ማንገቻ ባለው ስፍራ ቢቀመጥ፥ አንድ ብር ሳይወጣ ትልቅ ሥራ ተሠራ። አዋቂውም በወገብ ቀበቶ ብቻ መታሰሩ መልካም ባይሆንም፥ ከላይ የተናገርነው ኩላብ አለውና ከልጁ ይልቅ ይችለዋል። ይህን ስናገር ከልማዳችን ጋራ እንደሚጋጭ አውቃለሁ። በአገራችን ዳር የክብር ስፍራ ነው፤ ሽማግሌ ወይም ካህን ሲሳፈር መስኮቱ ይለቀቅለታል፥ ልጅም በመካከል ይሸጐጣል። እኔም በዚያ ግንቦት በቀኝ በኩል የተቀመጥሁት ስለ ሌላ ምክንያት አይደለም።

በዳር የተቀመጠው ልጅ ቁመቱ ገና ካጠረ ማንገቻው አንገቱን ይነካዋል። ይህ በሆነ ጊዜ ብዙ ወላጆች ማንገቻውን ከክንዱ በታች ወይም ከጀርባው ኋላ ያሳልፉታል፤ እንዲህም ሲያደርጉ ሦስት ነጥብ የነበረውን ቀበቶ መልሰው የወገብ ቀበቶ ያደርጉታል። ትክክለኛው ነገር ልጁን ከፍ የሚያደርግ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ መቀመጫ ከሥሩ ማኖር ነው፤ ያን ጊዜ ማንገቻው በትከሻው መካከል፥ ታችኛውም በጭኑ ላይ ይውላል። ልጁ አንድ ሜትር ከአርባ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል እስኪቆም ድረስ፥ ይኸውም ብዙውን ጊዜ ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ፥ ይህ መቀመጫ ያስፈልገዋል። ነገር ግን ይህን ከፍ የሚያደርግ መቀመጫ በወገብ ቀበቶ ብቻ መጠቀም አይገባም፤ ደረቱን የሚይዝ ነገር ሳይኖር ልጁን ከፍ ማድረግ መታጠፉን አያስቀርለትምና። ገዝተው ያመጡ ብዙ ሰዎች በመካከለኛው ስፍራ ሲያኖሩት ስላየሁ ነው ይህን መጻፌ።

ለትንንሾቹ የሚሆነው ወንበር ከዚህ የተለየ ነው። ሁለት ጠፍር በትከሻ፥ ሁለት በወገብ፥ አንዱም በእግሮች መካከል የሚወጣበት የሕፃን ወንበር፥ ልጁን የሚይዘው በራሱ ጠፍሮች ነው፤ የመኪናው ቀበቶ የሚያስረው ወንበሩን ነው። ስለዚህ የመኪናው ሠሪና የወንበሩ ሠሪ በመመሪያቸው እስከ ፈቀዱ ድረስ የወገብ ቀበቶ ለዚህ ሥራ ይበቃል። ገና ጡት የሚጠባውም ሕፃን ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ በሚቀመጥበት ወንበር በዚሁ ቀበቶ ሊታሰር ይችላል። ያ የናቅነው ጠፍር የሕፃንን ሆድ ትቶ ወንበርን ሲያስር ጥሩ አገልጋይ ይሆናል። እንዲህ ያለው ወንበር በአገራችን ዋጋው የማይቀመስ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሆኖም የክርስትና ልጅ ያላቸው ሰዎች ለልደት ከሚያመጡት የወርቅ ሐብልና ጌጥ አንዱን ዓመት ቢለውጡት ምን ይጐድላል?

አንዳንድ ሰው በአውሮፕላን የምንታሰረው በወገብ ብቻ አይደለም ወይ ብሎ ይጠይቀኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የአውሮፕላኑ ቀበቶ በዕለት ተዕለት የሚያገለግለው ነፋስ አውሮፕላኑን ሲያናውጥ ተሳፋሪው ወደ ላይ እንዳይወረወር ነው፤ አውሮፕላኑ ሊጋጭ ባለ ጊዜም ተሳፋሪው አስቀድሞ ጐንበስ እንዲል ይታዘዛል። በመኪና ጎዳና ላይ ግን ጐንበስ በሉ የሚል ማንም የለም።

የመሥሪያ ቤት መኪናዎችን የሚያስተዳድሩ ሹማምንትን የምንለምናቸው ጥቂት ነው። መኪና ሲገዛ በውሉ ላይ የሞተሩ ኃይልና የጎማው ልክ እንደሚጻፍ ሁሉ፥ በእያንዳንዱ ስፍራ ማንገቻ ያለው ቀበቶ እንዲኖር ይጻፍ። ያለውም መኪና በሚመረመርበት ጊዜ፥ ከወንበር ሥር ተረስቶ አቧራ የለበሰው ቀበቶ ወጥቶ ይታይ። በጋራዥ ማንገቻ ለማስጨመር የሚያስብ ካለ ደግሞ ይጠንቀቅ፤ በስስ ቆርቆሮ ላይ በቡሎን የተያዘ ማንገቻ በግጭት ጊዜ ተነቅሎ ይወጣል፤ የሚታሰርበት ስፍራ ሠሪው ያዘጋጀው ወይም በሚገባ የተጠናከረ መሆን አለበት።

በግጭት ጊዜ በቀበቶ ታስሮ በነበረ ልጅ ሆድ ላይ ሰንበር ከታየ፥ ልጁ ቢሥቅም ቢበላም፥ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይወሰድ። የአንጀት መቀደድ ለብዙ ሰዓት፥ አንዳንዴም ለቀናት፥ ምልክቱ ሳይታይ ሊቈይ ይችላል። ወገቤን አመመኝ ቢል ደግሞ ሐኪም ሳያየው አይነሣ፥ አይታሽም። የዚያችን ነርስ ስም ሳልጠይቅ መቅረቴ እስከ ዛሬ ይጸጽተኛል።

የልጄ ልጅ አሁን ስምንት ዓመቱ ነው። ወደ ደብረ ብርሃን ስንሄድ በቀኝ በኩል በመስኮቱ አጠገብ፥ ከፍ በምታደርገው መቀመጫ ላይ ይቀመጣል፤ የሚያልፉትንም የጭነት መኪናዎች ይቈጥራል። እኔ በመካከል ነኝ። ከእግሬ በታች የወለሉ ጕብታ ስላለ ጕልበቴን ወደ አገጬ አቅርቤ እቀመጣለሁ፤ ሸኖ ስንደርስም ሁልጊዜ ወርጄ እግሬን አፍታታለሁ።